ተከፍቶ ታይቷል

ለንደን ውስጥ የጠመንጃ ሱቅ አለ ስላቸው የማያምኑኝ የአገሬ ሰዎች ብዙ ናቸው። ፖሊሱ ራሱ ዱላ ይዞ በሚዞርበት ከተማ ማን ጠመንጃ ይገዛል ይሉኛል። አለ። እኔ ከነዚህ ሱቆች በአንዱ በር ላይ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት እስኪቀረኝ ድረስ ቆሜያለሁ። ደንበኞቹ ገጠር መሬት ያላቸው፣ ወፍ የሚያድኑ፣ የሸክላ ሳህን ወደ ሰማይ አስወርውረው እየተኮሱ የሚዝናኑ ሰዎች ናቸው። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃቸውን በቆዳ ከረጢት አድርገው ለማስጠገን ወይም ለማስወልወል ያመጡታል፤ ልክ እኛ ሰዓት ሠሪ ጋ እንደምንሄደው።

በሩ ላይ፣ ጥይት የጎረሰ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ማንም አያነበውም ነበር። ደንቡን የማስከብረው እኔ ነበርኩ። ደንበኛው ደጃፉ ላይ ይቆማል፣ ጠመንጃውን ከከረጢቱ ያወጣል፣ አፈሙዙን ወደ መሬት አድርጎ ከመሀሉ ያጥፈዋል፤ እኔ ጎንበስ ብዬ ጥይት የሚገባባቸውን ሁለት ቀዳዳዎች አያለሁ። ባዶ ከሆኑ ስሙን መዝገብ ላይ እጽፍና "ተከፍቶ ታይቷል" በሚለው ረድፍ እፈርማለሁ። ጥይት ካለ ግን በሩ ይዘጋል፣ ሰውየው እዚያው ይቆማል፣ አሠሪዬ ትጠራለች፣ እሷም ፖሊስ ትጠራለች።

አሠሪዬ ሱቁን ከአባቷ የወረሰች፣ የእኔ እኩያ የምትሆን፣ ጣቶቿ ዘይት ተለይቷቸው የማያውቅ ሴት ናት። ስትቀጥረኝ የነገረችኝ በጣም አጭር ነበር። "እዚህ የማውቀው ሰው፣ የተከበረ ሰው የሚባል ነገር የለም። ሁሉም በር ላይ ይከፍታል። ሳያይ ያሳለፈ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይሰናበታል። አልጮህበትም፤ እጁን ጨብጬ እሸኘዋለሁ።" ከእኔ በፊት የነበረውን ሰው እንዲህ አድርጋ ነው የሸኘችው። ለዚህ ነው ቦታው የተገኘልኝ።

ያ ሥራ ለእኔ ምን ማለት እንደነበር ካልተናገርኩ የሠራሁት ነገር አይገባም። ባለቤቴና ልጄ አዲስ አበባ ነበሩ።

ከአገር የወጣሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ነው። ክሮይደን ባለው የስደተኞች ቢሮ ስንት ቀን ወንበር ላይ ተቀምጬ ስሜ እስኪጠራ እንደጠበቅኩ ዛሬ ልቁጠር ብል አልችልም። ወረቀት እስካገኝ፣ ከዚያም ፓስፖርት እስክይዝ ዓመታት ሄዱ። ፓስፖርቱን በያዝኩ በወሩ አዲስ አበባ ሄጄ ከዩኒቨርሲቲ ጀምሮ የጠበቀችኝን ልጅ አገባሁ። ስመለስ ነፍሰ ጡር ነበረች። ልጃችን ስትወለድ ለቅሶዋን የሰማሁት በስልክ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ አቅፌያታለሁ፤ ስድስት ወሯ ነበር፣ አላወቀችኝም፣ ፊቴን ገፍታ እሪ አለችብኝ።

እነሱን ለማምጣት እኔን የሚመለከተው ሕግ የሚጠይቀው ግልጽ ነበር። ከአንድ አሠሪ፣ ሳይቋረጥ፣ የስድስት ወር የደሞዝ ወረቀት። አምስት አይበቃም። ከዚያ በፊት በጽዳት ሥራ ሞክሬ አራተኛው ወር ላይ ሰዓት ተቀነሰብኝ፤ አራቱን ወረቀት ውሃ በላቸው፣ እንደገና ከአንድ ጀመርኩ። ባለቤቴ በደወለች ቁጥር "ስንተኛው ወር ገባን?" ትለኛለች። ልጃችን ሆዷ ውስጥ ሳለች ስንቆጥር እንደነበረው ነው የምንቆጥረው። በጠመንጃው ሱቅ አምስት ወረቀት ይዣለሁ። አንድ ነበር የቀረኝ።

ታዲያ ለዚያ በር እንደ እኔ የማይሆን ሰው አልነበረም። ጎረምሳ ሲመጣ ችግር የለብኝም። "ክፈተው" እለዋለሁ፤ እንዲያውም ደስ ይለኛል። ጣጣው ሽማግሌ ሲመጣ ነው። እኔ ያደግኩት ትልቅ ሰው ዕቃ ይዞ ሲገባ ብድግ ብለው ከእጁ በሚቀበሉበት ቤት ነው። ተቀብሎ ጥሩ ቦታ ማስቀመጥ ነው እንጂ ምን ይዘሃል፣ እስቲ ፍታና አሳየኝ አይባልም። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር ነው የጠባሁት፤ በሁለት ቀን የሥራ ልምምድ የሚለቅ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ከምርጫው በኋላ በነበሩት ወራት ዩኒፎርም የለበሱ ሰዎች ቤታችንን ሊፈትሹ መጡ። አባቴ አልጋው ሥር አንድ የቆርቆሮ ሳጥን ነበረው፤ እናቴ እንኳ አትነካውም። ከሰዎቹ አንዱ፣ ከእኔ የሚያንስ ልጅ፣ አባቴን አንተ ብሎ "ክፈተው" አለው። አባቴ ተንበረከከ። ቁልፉ እጁ ላይ እየተንቀጠቀጠ አልገባ አለው። ልጁ ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔ በር ጥግ ቆሜ አያለሁ። ሲከፈት የአያቴ ነጠላ፣ የቤቱ ካርታና የእኔ የትምህርት ቤት ካርዶች ነበሩ፤ ሌላ ምንም የለም። ልጁ በጫማው ጫፍ ገለባበጠውና ወጡ። አባቴ ለብዙ ቀን ዓይን ዓይኔን ማየት አልቻለም። ያኔ የተሰማኝ ንዴት ዛሬም አልወጣልኝም። ፀጉሩ የሸበተ ሰው ፊቴ ሲቆም ክፈት የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል።

ቢሆንም ጥርሴን ነክሼ እጠይቅ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ አንዲት አሮጊት ሲመጡ እንዳየሁ አስመስዬ ጎንበስ ብዬ ተነሳሁ። አሠሪዬ ከመስኮቱ በኩል ታየኝ ነበር። ጠመንጃው ባዶ ነበር፤ እሷ ግን ጠርታ ጥግ ወሰደችኝ። "አንገትህን ደፋህ እንጂ አላየህም" አለችኝ። እንዲህ ነው እንዲያ ነው ብዬ ሰበብ ደረደርኩ። "ጨዋነትህን ቤትህ ተጠቀምበት" አለች። "ይህ የመጨረሻው ነው።"

ሽማግሌው የመጡት ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ጠዋት ነው።

ክላፋም የሚባል የለንደን ሰፈር ሰው ናቸው፤ ሰማንያን ያለፉ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ነበር። ባለቤታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው "ይህ ሰውዬ ለጠመንጃው የሚቀባውን ዘይት ግማሹን ለጉልበቴ ቢቀባልኝ ኖሮ እሮጥ ነበር" እያሉ ሲያሾፉባቸው እሳቸው እንደ ልጅ ይሽኮረመማሉ። በክረምቱ ባለቤታቸው ሞቱ። አሠሪዬ የሐዘን ካርድ ስትልክ እኔም ፈርሜበታለሁ።

ያን ጠዋት ዝናብ ነበር። ከታክሲ ሲወርዱ ከረጢቱን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። የኮታቸው ቁልፎች ተዛንፈው ነው የተቆለፉት፤ ጢማቸው አልተላጨም። አንጀቴን በሉት። በሩን ከፍቼ እንዴት አደሩ አልኳቸው፤ ስለ ባለቤትዎ በጣም አዝናለሁ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ቆመው የከረጢቱን ዘለበት ለመፍታት ጀመሩ። ጣታቸው ይንቀጠቀጣል፤ አልፈታላቸው አለ። እንደገና ሞከሩ። እንደገና አቃታቸው።

እኔ ያን ጊዜ የማየው እሳቸውን አልነበረም። አባቴን ተንበርክኮ ነበር የማየው።

"ይተዉት፣ ይተዉት፣ እኔ እይዘዋለሁ" ብዬ ከረጢቱን ከእጃቸው ተቀበልኩ። አፋቸውን ከፈት አደረጉ፤ የሆነ ነገር ሊሉ ነበር። እኔ ግን ክንዳቸውን ደግፌ ወደ ወንበሩ እየወሰድኳቸው፣ ይረፉ፣ አይቸገሩ፣ ብርድ ነው እያልኩ እለፈልፋለሁ። ከረጢቱን አጠገባቸው ካለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩት። ወደ በሩ ተመልሼ ስማቸውን ጻፍኩ፣ በረድፉ ላይ ፈረምኩ። አሠሪዬ ጓዳ ስልክ ላይ ነበረች። ጥሩ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ እንዲያውም ልቤ ሞቅ ብሎት ነበር።

አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል አለፈ። ሽማግሌው ከጠመንጃቸው አጠገብ ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አሠሪዬ መጥታ ሰላም አለቻቸው፣ ትከሻቸውን ያዝ አደረገች፣ ከረጢቱን ከፈተች፣ ጠመንጃውን አወጣችና አጠፈችው። ሁለት ቀይ ጥይቶች ተሰክተውበት ነበር።

እሷ ጥይቶቹን አንድ በአንድ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አቆመቻቸውና ወደ እኔ ዞረች።

"በር ላይ ተከፍቷል?"

በዚያች ቅጽበት ስለ ሽማግሌው አሰብኩ ብል እዋሻለሁ። የታየኝ የስድስተኛው ወር ወረቀት ነው። እንደገና ከአንድ መጀመር ነው የታየኝ። ባለቤቴ "ስንተኛው ገባን?" ስትለኝ አንደኛው ብዬ ልመልስላት፣ ልጄ ሦስት ዓመት ሊሆናት፣ አራት ሊሆናት፣ አባት ማለት ስልክ ውስጥ ያለ ፊት መስሏት ልታድግ። አፌ ግን አልተንተባተበም።

"ተከፍቷል" አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ። "አይቼዋለሁ። ባዶ ነበር።"

የተናገርኩት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። በር ላይ ባዶ ከነበረ ጥይቱን ያጎረሱት ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ነው ማለት ነው። እኔ፣ አሠሪዬና ሌሎች ደንበኞች ባለንበት ቤት ውስጥ። ይህ ረስቶ የመጣ ሽማግሌ ሥራ አይደለም፤ ሰው ሊገድል የተዘጋጀ ሰው ሥራ ነው።

አሠሪዬ ወደ እሳቸው ዞረች። "እውነት ነው?" አለቻቸው በቀስታ።

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፣ አልደነገጡም። ፊቴን ብቻ ብዙ አዩት። እኔ ዓይኔን መሬት ላይ መጣል አማረኝ፤ ግን እሷ ትታዘበኛለችና እንደ ሐውልት ቆሜ አየኋቸው።

"እውነት ነው" አሉ። "ልጁ አይቶታል። ያጎረስኩት እዚህ ነው።"

"ለምን?"

"አላውቅም" አሉ።

ፖሊሶቹ ሲመጡ ሽማግሌው ከወንበሩ መነሳት አቃታቸው። ልማድ ነውና እጄን ዘረጋሁላቸው። ይዘውኝ ተነሱ። መዳፋቸው ቀዝቃዛ ነበር፤ ጨበጥ አደረጉኝና ለቀቁኝ። ከዚያ አንዲት ፖሊስ የጓዳው ጠረጴዛ ላይ ወረቀት ዘርግታ ቃሌን ተቀበለችኝ። ዘለበቱን ማን ፈታው? እሳቸው። ምን አየህ? ባዶ። እርግጠኛ ነህ? እርግጠኛ ነኝ። እያንዳንዱ ጥያቄ መውጫ ነበር፤ በእያንዳንዱ መውጫ አልፌ ሄድኩ። መጨረሻ ላይ ፈረምኩ።

ከዚያ የመጣው ነገር ይበልጥ አንገበገበኝ። አሠሪዬ አመሰገነችኝ። "ዘለበት መፍታት ለሚቸግረው ሽማግሌ ሳታዝን ደንቡን ጠብቀሃል፤ ስለ አንተ ተሳስቼ ነበር" አለችኝ። ረጅሙ ጠረጴዛ ተነሳ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ደንበኛ ከጠመንጃው አጠገብ እንዳይቀመጥ አዲስ ደንብ ወጣ። የሱቁ ደንብ በእኔ ውሸት ተሻሻለ። አዲሱን ጽሑፍ በር ላይ የለጠፍኩት እኔው ነኝ።

ሼፈርድስ ቡሽ ሰፈር ቤት የምጋራው የአገሬ ልጅ አውቶቡስ ነጂ ነው። ለአንድ ሰው ካልተናገርኩ እፈነዳለሁ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት። ሹካውን አስቀምጦ ሰማኝ።

"ስማኝማ" አለ። "አሁን ለፖሊስ የሰጠኸውን ስቴትመንት ቼንጅ አደርጋለሁ ብትል ቻርጅ የሚያደርጉት፣ የሚከሱት አንተን ነው። ሥራው ሄደ፣ ቪዛው ሄደ፣ ፓስፖርቱም ራሱ ምን እንደሚሆን አላውቅልህም። አርፈህ ስድስተኛውን ወረቀት ተቀበል፣ አፕላይ አድርግ። ጸጸቱ የትም አይሄድም፤ በኋላ ትጸጸታለህ።"

ምክሩን ወደድኩት። ሰው መስማት የሚፈልገውን ሲሰማ እንደሚወደው ነው የወደድኩት።

ስድስተኛው ወረቀት ገባ። ባለቤቴ ስልኩ ላይ እልል አለች፤ ከበስተጀርባ እናቷም እልል አሉ። ልጃችንን አቀረበቻት። "አባባ በይው" አለቻት። ልጄ "አባባ ና" አለችኝ። አንቺ ነሽ የምትመጪው እንዳልላት ድምፄ እምቢ አለኝ። ባለቤቴ የደስታ ለቅሶ መሰላት። ማመልከቻውን በዚያው ሳምንት አስገባን።

ሽማግሌው በዋስ ተለቀው ቤታቸው እንዳሉ ሰምቼ እሑድ ቀን ከቀትር በኋላ ክላፋም ሄድኩ። አድራሻቸውን ከመዝገቡ ነው የወሰድኩት። ለምን እንደሄድኩ ዛሬም አላውቅም፤ ይቅርታ ልጠይቅ ይሁን፣ ይቅር እንዲሉኝ ልለምን፣ ወይስ እንዳይናገሩብኝ ላረጋግጥ፤ ሦስቱም ሳይሆን አይቀርም። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ። አልተገረሙም። ጢማቸው ተላጭቷል፤ ቤቱ ግን ብርድ ነበር። ሻይ አፍልተው፣ ወተት ጨምረው፣ እኔ እንዴት እንደምወደው ሳይጠይቁ አቀረቡልኝ።

"ለምን እንደዋሸሁ ልንገርዎት" አልኩ።

"እሺ" አሉ።

የስድስቱን ወር ነገር፣ የባለቤቴን፣ የልጄን ነገርኳቸው። ስንት ዓመቷ ነው አሉኝ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው እሳቸው መናገር ጀመሩ።

"ያን ጠዋት ያጎረስኩት ለራሴ ነበር" አሉ። "አልጋው ጫፍ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ ፈራሁ፤ ታክሲ ጠራሁ። ሐኪም ጋ ብደውል ምን እላለሁ? ልጆች የሉኝም። ለማን ምን ብዬ እናገራለሁ? ሱቃችሁ ግን መናገር አያስፈልግም። በር ላይ ይከፈታል፣ ይታያል፣ የሚያየው ሰው በሩን ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሌላ ሰው ያስብበታል ብዬ ነበር።" ስኒያቸውን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። "ዘለበቱ እምቢ አለኝ። አንተ ደግሞ በጣም ደግ ሆንክብኝ።"

አባቴን ከውርደት ያዳንኩ መስሎኝ ነበር እኮ። እኚህ ሰው ሞታቸውን በከረጢት ይዘው፣ እይልኝ ብለው በእጄ ሰጥተውኛል፤ እኔ ደግሞ በአክብሮት ተቀብዬ መልሼ አጠገባቸው አስቀመጥኩላቸው። ለአሥራ አምስት ደቂቃም ከእሱ ጋር ብቻቸውን ተውኳቸው።

"ታዲያ ለምን እውነት ነው አሉ?" አልኳቸው።

"ፊትህን አየሁት። ያን ጠዋት መስታወት ውስጥ ያየሁት ፊት ነበር።"

አለቀስኩ። አላባበሉኝም፤ መስኮቱን እያዩ እስክጨርስ ጠበቁ። ሄጄ እውነቱን ልናገር አልኳቸው። አይ ተው፣ ስለ ልጅህ ብለህ ተው እንዲሉኝ ነበር የፈለግኩት። አላሉም።

"ብትናገር ደስ ይለኛል" አሉ። "አልለምንህም። ግን እኔ ሰው ልገድል የመጣሁ ሰው አይደለሁም። ጎረቤቶቼ እንደዚያ ነው የሚያስቡት። ጠበቃዬም እንደዚያ ነው የሚያስበው፤ ለእሱም ያልኩት ያንኑ ነው። ከቤቴ አጉርሼ መምጣቴን ቢያውቁ ሐኪም ያሳዩኛል፤ አሁን ግን እንደ አደገኛ ሰው ነው የያዙኝ።" ስኒዬ ላይ ሻይ ጨመሩልኝ። "ፍርድ ቤቱ እስኪደርስ ጊዜ አለ። ልጅህ ትምጣልህ። ከዚያ ትናገራለህ።"

"እሺ" አልኩ። "ቃሌ ነው" አልኩ።

ጠበቁኝ። ቪዛው ዛሬ ነገ እያለ ወራት ወሰደ፤ እኔም ቪዛው ሳይመጣ ትንፍሽ አልልም ብዬ አፌን ዘጋሁ። ክላፋም ሁለተኛ አልሄድኩም። አንድ ቀን ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ስላሉ ለምስክርነት መቅረብ አያስፈልግህም ይላል። ቅጣቱ የሚወሰንበት ቀንና ሰዓትም ተጽፎበታል። ተስፋ ቆርጠውብኝ ነው፣ ወይም እኔን በመሐላ ላለማስዋሸት ነው። የትኛውም ቢሆን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከደብዳቤው በፊት በነበረው ሳምንት ቪዛው ወጥቶ ነበር፤ ትኬት ቆርጫለሁ። ቀኖቹን ሳስተያያቸው አንድ ሆኑ። ባለቤቴና ልጄ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ያርፋሉ። ፍርድ ቤቱ አራት ሰዓት ነው።

አውሮፕላን ማረፊያ ልጄ አወቀችኝ። ከፎቶው ነው መሰለኝ፤ ትንሽ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ቆይታ ራሷ መጣች፣ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ባለቤቴ ዕቃ የጫነችበትን ጋሪ ትታ ሁለታችንንም አቀፈችን። ባቡሩ ውስጥ ልጄ ጉልበቴ ላይ ተኛች። ሙቀቷ በሱሪዬ አልፎ ይሰማኛል። ሦስት ዓመት ያህል የጠበቅኩት ይህን ነው። እኔ ግን ሰዓቴን ነበር የማየው።

"ምን ሆነሃል?" አለች ባለቤቴ። "ከመጣን ጀምሮ ሰዓት ሰዓት ታያለህ። ሥራ አለህ እንዴ?"

ደክሞኝ ነው ልላት ነበር። ግን ውሸቱ ራሱ ደከመኝ። ከበሩ ጀምሬ፣ ከከረጢቱ፣ ከሁለቱ ቀይ ጥይቶች ጀምሬ እስከ ክላፋሙ ሻይ ድረስ ነገርኳት። አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የመንገደኞቹን ፊት ዞር ብላ አየች፤ ማንም አማርኛ የሚሰማ አልነበረም።

"ስንት ሰዓት ነው ፍርዱ?" አለች።

"አራት ሰዓት።"

"አሁን ስንት ነው?"

"ሦስት ከሃያ።"

"ገና ነዋ!" አለች። "ሩቅ ነው?"

"አይደለም። የሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ መቀየር ነው።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? እኛ እንደሆነ መጥተናል። እንውረድና አብረን እንሂድ፤ እኔ ውጭ እቀመጣለሁ። ሂድና አላየሁም በላቸው።" ዕቃዋን መሰብሰብ ጀመረች። "እኚህ ሰውዬ እኮ ቃልህን ነው የሚጠብቁት።"

ባቡሩ ጣቢያው ገባ። ልጄ አፏን ከፍታ ተኝታለች፤ አንድ እጇ የሸሚዜን ቁልፍ ይዟል። ብነሳ የሚሆነውን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ፖሊሱን፣ ክሱን፣ ቪዛው እንዴት እንደተገኘ የሚጠይቀኝን ሰው፣ እነዚህ ሁለቱን መልሶ የሚወስደውን አውሮፕላን። በሩ ተከፈተ። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። ባለቤቴ ሻንጣዋን ይዛ ቆማ ታየኛለች።

አልተነሳሁም። በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ።

ባለቤቴ ቁጭ አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ የልጃችንን ጣቶች ከሸሚዜ ቁልፍ ላይ አንድ በአንድ አላቀቀች፣ ከጉልበቴ ላይ አነሳቻትና ወደ ራሷ ወሰደቻት።